ሠዓሊው ኮሮና ባልንጀሮቹ

በአንድ ሙያ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይቀናናሉ። የአንዱ ሥራ ሲመሰገን የሌላው ልብ ያዝናል። ሠዓሊው ካሚል ኮሮ ግን የሙያ ባልንጀሮቹን እንደ ወንድሞቹ ይቈጥር ነበር።

ኮሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1796 ዓመት በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ተወለደ። እናቱ የወይዛዝርት ባርኔጣ የሚሠራበት ሱቅ ነበራት፤ ቤታቸውም የሚጐድለው ነገር አልነበረም። አባቱ ልጁ ነጋዴ እንዲሆን ስለ ፈለገ ከጨርቅ ነጋዴዎች ዘንድ አስገባው። የልጁ ልብ ግን በሥዕል ላይ ነበረና በንግድ ሥራ ደስ ሳይለው ኖረ።

ዕድሜው 26 ዓመት ሲሆን ንግዱን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን ቈረጠ። አባቱ ነገሩን ባይወድደውም ልጁን አልጣለውም፤ የሞተችው እኅቱ በየዓመቱ ታገኘው የነበረውን 1,500 ፍራንክ ለእርሱ እንዲሆን ፈቀደለት። ኮሮም በ1825 ወደ ኢጣልያ ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል በትጋት ሠራ። ፀሓይ ሳትወጣ ተነሥቶ ወደ ሜዳ እየወጣ ዛፉን፥ ውሃውንና የማለዳውን ጉም ይሥል ነበር። ይሁን እንጂ ሥዕሉን የሚገዛው ሰው ለብዙ ዘመን ጥቂት ነበረ። ፀጕሩ እስኪሸብት ድረስ ያኖረው ከወላጆቹ ያገኘው ርዳታ ነው።

በ1846 ከመንግሥት የክብር ኒሻን ተሸለመ። ከዚያም ስሙ እየገነነ ሄደ፤ በሽምግልናውም ዘመን ሥዕሉ በብዙ ገንዘብ ይሸጥ ጀመር። ሚስት አላገባም፤ ኑሮውም እንደ ቀድሞው ቀላል ነበረ። ገንዘቡን ግን በሣጥን አልቈለፈበትም። እርሱ በችግሩ ዘመን የሚረዳው አባት ነበረው፤ እንዲህ ያለ አባት የሌላቸው ሠዓልያን ግን ብዙዎች እንደ ሆኑ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወጣቶች ሊማሩ ሲመጡ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሰስት ያሳያቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ዶሚዬ የሚባል ሠዓሊ ነበረ። እርሱም ክፉ ገዢዎችን የሚነቅፍ ሥዕል በጋዜጣ ላይ ያወጣ ነበርና በንጉሡ በሉዊ ፊሊፕ ላይ ስለ ሣለው ሥዕል በ1832 ታስሮ ነበር። ይህ ሰው በስተርጅናው ዓይኑ ደከመ፤ ሥራውም ቀረ፤ የቤት ኪራይ እንኳ መክፈል አቃተው። ኮሮ ይህን ባወቀ ጊዜ ቤት ገዝቶ ሰጠው። ዶሚዬም በ1879 እስኪሞት ድረስ ከከተማ ርቆ በገጠር ኖረ።

በ1870 የፕሩስያ ጦር ፓሪስን ከበበ፤ ሕዝቡም በረኀብና በብርድ ተጨነቀ። ኮሮ ያን ጊዜ የ74 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ከተማውን ትቶ አልሸሸም፤ ለድሆች ርዳታ ብዙ ገንዘብ ሰጠ።

ይሁን እንጂ ቸርነቱ አንዳንድ ጊዜ ስሕተት አስከተለ። ድኻ ሠዓሊ ሥዕሉ እንዲሸጥለት ሲለምነው፥ ኮሮ የሌላውን ሥራ በእጁ አሻሽሎ ስሙን ይጽፍበት ነበር። ከሞተ በኋላ ግን እውነተኛውን ሥዕሉን ከሌላው ሰው ሥራ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። መልካም ልብም ቢሆን ከእውነት ጋር መሄድ ይገባዋል።

በ1874 ባልንጀሮቹና ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው የወርቅ ሜዳልያ አሠርተው ሰጡት። ብዙ የሰጠው ሰው እርሱም በተራው ከባልንጀሮቹ ተቀበለ።

በጥር ወር 1875 ሚሌ የሚባለው ሠዓሊ ሞተ። ሚሌ የገበሬ ልጅ ነበረ፤ በእርሻ ላይ ቃርሚያ የሚለቅሙ ድኾች ሴቶችን በክብር የሣለ ሰው ነው። ከሚስቱና ከዘጠኝ ልጆቹ በቀር ብዙ ሀብት አልነበረውም። ኮሮ በዚያ ጊዜ ራሱ ለሞት በሚያደርስ ደዌ ተይዞ ነበር። ነገር ግን በራሱ ሕመም ተጠምዶ የባልንጀራውን ቤት አልረሳም፤ ልጆቹን እንድታሳድግበት ለሚሌ ሚስት 10,000 ፍራንክ ሰጣት። ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ፥ የካቲት ወር ሳይፈጸም፥ እርሱም ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ ባልንጀራችሁ ከእናንተ ይልቅ በጽሕፈት ወይም በሥዕል ቢመሰገን አትቅኑበት፤ ቢቸገርም እስኪለምናችሁ ድረስ አትጠብቁ። ሁለት እርሳስ ያለው አንዱን ለሌለው ይስጥ። እናንተን ዛሬ የሚያስተምራችሁና የሚመግባችሁ ሰው አለና፥ ነገ እናንተም ለሌላው እንዲሁ ልትሆኑ ይገባችኋል።