አለን ቱሪንግ፡- የማሽንን ምርጫ አስቀድሞ ያየ ሰው

የኮምፒውተር ሳይንስ አባት እየተባለ የሚጠራው እንግሊዛዊው አለን ማቲሰን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሕንድ ውስጥ የቅኝ አገዛዙ ሠራተኛ ስለነበሩ የልጅነት ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው ከወላጆቹ ርቆ፣ በሰው እጅ ነው። በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ሒሳብ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 ስሙን ያስጠራውን ጥናት አቀረበ።

በዚህ ጥናት፣ በረጅም የወረቀት ጥብጣብ ላይ ምልክት እያነበበ፣ እየፃፈና እየሰረዘ የሚሠራ ማሽን በሐሳቡ ነደፈ። ይህ ማሽን ቀጥሎ የሚያደርገው ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ቱሪንግ ግን እዚያው ላይ ሌላ ዓይነት ማሽንም ጠቀስ አድርጎ አልፏል፤ አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ቆሞ ከውጭ ምርጫ እስኪሰጠው የሚጠብቅ።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ የሚሄድ አገሩን የማያውቅ እንግዳ እናስብ። በየመታጠፊያው ግራ ወይም ቀኝ እንዲል ከተነገረው መንገዱ አንድ ብቻ ነው። በየመንታው ራሱ ይምረጥ ከተባለ ግን 10 መንታ ሲያልፍ ሊሄድባቸው የሚችላቸው መንገዶች 1,024 ይደርሳሉ፤ 20 ሲያልፍ ደግሞ 1,048,576። ምርጫው ጥቂት ከሆነ ሁሉንም ተራ በተራ መሞከር ይቻላል። ሲበዛ ግን ዕድሜ አይበቃም።

ቱሪንግ ይህን ችግር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተግባር ተጋፈጠው። ኤኒግማ የተባለው የጀርመኖች የሚስጥር መፃፊያ ከ158 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አቀማመጦች ነበሩት። ፖላንዳውያን የጀመሩትን ሥራ ይዞ ብሌችሊ ፓርክ ውስጥ ቦምብ የተባለውን ማሽን ነደፈ። ማሽኑ በመልዕክቱ ውስጥ ይኖራል ተብሎ ከተገመተ ቃል ተነስቶ እርስ በርሳቸው የሚጋጩትን አቀማመጦች ይጥላል፤ የሚቀሩትን ጥቂቶች ሰው ይመረምራቸዋል።

ይህ ሁሉ ውለታ ግን አላዳነውም። እ.ኤ.አ. በ1952 በወቅቱ የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል በነበረው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ተፈረደበት። ከእስርና ከሆርሞን መድኃኒት አንዱን ምረጥ ተባለ። መድኃኒቱን መረጠ። የመንግሥት ሚስጥር ሥራውንም አጣ። እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1954 በሳያናይድ መርዝ በ41 ዓመቱ ሞተ፤ መርማሪዎቹም ራሱን አጥፍቷል ሲሉ ደመደሙ። የእንግሊዝ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ የንግሥቲቱ ምሕረት የተሰጠው በ2013 ነው።

እሱ ጠቀስ አድርጎ ያለፈው ሐሳብ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1959 ማይክል ራቢንና ዳና ስኮት ብዙ መንገድ ሊመርጡ የሚችሉ ማሽኖችን በአውቶማታ ቲዎሪ ውስጥ አስገቡ። በ1977 ደግሞ ቻንድራ ኪንታላና ፓትሪክ ፊሸር ማሽኑ የሚመርጥባቸው ቦታዎች ቁጥር ቢገደብ ምን እንደሚሆን አጠኑ። ያለገደብ መምረጥ የሚችል ማሽን በፍጥነት የሚፈታውን ሁሉ ምርጫ የሌለውም በፍጥነት ይፈታዋል ወይ? የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት የተመደበለት ይህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።