ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003)

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣ ሰዓልያን አንዱ የሆኑት እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ ተወለዱ። የአርመን ትውልድ የነበራቸው አባታቸው ኮሎኔል ኮስሮፍ ቦጎሲያን የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ።

እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1955 በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ተላኩ። ከሁለት ዓመታት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው በዚያ ዘጠኝ ዓመታት ያህል ሲማሩ፣ ሲያስተምሩና ሲሥሉ ቆዩ። ከአፍሪካና ከካሪቢያን ደራስያንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ጋር መተዋወቃቸው የአውሮፓን የአሣሣል ስልት ከመከተል ይልቅ ወደ አገራቸው ቅርስ እንዲመለከቱ አነሣሣቸው።

በተለይ ቀልባቸውን የሳበው የብራና ጥቅልል ክታብ ነበር። እንደ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ባሉ የጎጃም ጥንታውያን አድባራት ዘንድ እንደሚታወቀው፣ ብራና ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ የሚዘጋጅ ነው። ሥራው ከቀለሙ አስቀድሞ ከቆዳው ይጀምራል። እስክንድርም ሥዕል የሚሣልበት ነገር ራሱ የሥዕሉ አካል መሆን እንዳለበት በሥራቸው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የሠሩት፣ ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው «የጁጁ ሠርግ» በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረትማ ቀለም የተሣለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1967ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበሉ። ቆይታቸው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም በወጣት ሰዓልያን ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከፍተኛ ነበር። ከዚያም ወደ አሜሪካ አቅንተው ከ1972 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ አስተማሩ። በፊደል ሥዕሎቹ የሚታወቀው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በዚያ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር።

በአሜሪካ ቆይታቸው ሙከራቸው ይበልጥ ጠለቀ። ዩጋንዳ በተለይ የምትታወቅበትን፣ ከሾላ ወገን ዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ጨርቅ እንደ ሸራ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ1981 በሠሩት «የጊዜ ዑደት 3» ቅርፆቹ በቀለም ብቻ ሳይሆን ልጡ ላይ ጎልተው እንዲወጡ በማድረግ ተገልጠዋል። በዚህም የእጅ ባለሙያው ጥበብና የሰዓሊው ሐሳብ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

የመጨረሻዎቹን ሦስት አሥርት ዓመታት በባዕድ አገር በማሳለፋቸው በርካታ ሥራዎቻቸው ከወገናቸው ዓይን ርቀው ቀርተዋል። ሆኖም በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከሰዓሊ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠሩት «ኔክሰስ» የተሰኘ ሰፊ የአሉሚኒየም የግድግዳ ቅርፅ ይህን ርቀት አጥብቧል። የክርስትና፣ የእስልምና፣ የአይሁድና የአገር በቀል እምነቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የቤት ዕቃዎችና ዕፀዋት በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰባስበዋል።

እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2003 በዋሽንግተን ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ለጉዳይ ወደ ኤምባሲው የሚሄድ ዜጋ ግን ዛሬም ከሥራቸው ጋር ይገናኛል።