ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን፤ ዓለምን በካርታ ላይ የፈጠረ ተራኪ

በዘመናችን በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ወጣቶች በኢንተርኔት እየተገናኙ የሚጫወቱት አንድ የምናብ ጨዋታ አለ። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና ዋሻውን፣ ጫካውን፣ የተቀበረውን ሀብትና ሀብቱን የሚጠብቀውን ጭራቅ በቃሉ ይሥላል፤ የቀሩትም እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ ወይም ይጽፋሉ። መሪው አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ታሪክ የሚያነብ ሰው አይደለም። ተጫዋቾቹ በበር ይገባሉ ብሎ ሲጠብቅ በመስኮት ቢገቡበት፣ ከመስኮቱ በስተኋላ ያለውን ያን ጊዜውኑ አስቦ መናገር አለበት። ይህ ጨዋታ መልክ ይዞ የታተመው በ1974 በአሜሪካ አገር ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ ስሙም ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው።

እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህን ጨዋታ ታሪክ ሳይሆን፣ ጨዋታው ከመታተሙ 80 ዓመት አስቀድሞ የሞተውን የስኮትላንዳዊውን ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን ሕይወት ነው። ስቲቨንሰን ይህን ጨዋታ አላወቀውም። ነገር ግን ታሪክን እዚያው እየፈጠሩ ሌላውን ሰው በታሪኩ ውስጥ ይዞ መጓዝ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚያስፈልገውና የት ላይ እንደሚሰናከል ሕይወቱ አጉልቶ ያሳየናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ስቲቨንሰን በኤዲንበርግ ከተማ ኖቬምበር 13 ቀን 1850 ተወለደ። ለአባቱና ለእናቱ አንድ ልጅ ብቻ ነበረ። ቤተ ዘመዱ በባሕር ላይ የመብራት ግንብ በመሥራት የታወቀ ነው፤ አያቱ ሮበርት ስቲቨንሰን ማዕበል በሚሸፍነው በቤል ሮክ ቋጥኝ ላይ መብራት ያቆመ መሐንዲስ ሲሆን፣ አባቱ ቶማስም በዚሁ ሙያ ስሙ የተጠራ ነበረ። ሕፃኑ ግን ሳንባው ደካማ ስለ ነበረ ብዙውን የክረምት ወራት በአልጋ ላይ ያሳልፍ ነበር። አሊሰን ከኒንግሃም የምትባል ሞግዚቱ ሌሊት ሳል እንቅልፍ ሲነሣው አጠገቡ ተቀምጣ ታሪክ ትነግረው ነበር። እርሱም ቀን በብርድ ልብሱ ላይ አሻንጉሊት ወታደሮቹን እያሰለፈ፣ የልብሱን እጥፋት ተራራና ሸለቆ እያደረገ ይጫወት ነበር። ከቤት ለመውጣት ያልታደለው ልጅ ዓለሙን በአልጋው ላይ መሥራት የጀመረው እንዲህ ነው።

አባቱ ቶማስ ስቲቨንሰንም ቁጥብና ጥብቅ ሰው ይሁን እንጂ አንድ የተሰወረ ልማድ ነበረው። ማታ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ስለ መርከብ፣ ስለ መንገድ ዳር ማደሪያ ቤት፣ ስለ ሽፍታና ስለ ሽማግሌ መርከበኛ ለራሱ ብቻ ታሪክ ይፈጥር ነበር። ከእነዚህም ታሪኮች አንዱን እንኳ ፈጽሞት አያውቅም። ይህ ልማዱ በኋላ ልጁን እንዴት እንደ ጠቀመው ወደ ፊት እናያለን።

ልጁ በ1867 የመሐንዲስነት ትምህርት ለመማር ወደ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1871 ግን የቤተ ዘመዱን ሙያ እንደማይከተልና ደራሲ ለመሆን እንደሚፈልግ ለአባቱ ገለጠ። አባትየው እጅግ አዘነ። በመጨረሻም ልጁ የሚተዳደርበት ሙያ እንዲኖረው ሕግ እንዲማር ተስማሙ። በ1875 ጠበቃ ለመሆን በቃ፤ ነገር ግን በጥብቅና ሥራ ይህን ያህል አልገፋበትም። በ1876 በፈረንሳይ አገር ፋኒ ኦዝቦርን ከምትባል አሜሪካዊት ጋር ተዋወቀ። እርስዋም ባል የነበራትና ልጆች የወለደች ሴት ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕመም እየማቀቀ ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካንም በባቡር አቋርጦ ካሊፎርኒያ ድረስ ተከተላት። ባልዋን ከፈታች በኋላ በሜይ 1880 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተጋቡ። ከጋብቻውም ጋር ሎይድ የሚባለው የ12 ዓመት ልጅዋ የእንጀራ ልጁ ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ የስቲቨንሰንን ኑሮ ቢያስተውል መልካም ነው። ዕድሜው ወደ 30 ዓመት ተጠግቷል፤ ሳንባው ታሟል፤ ጽሑፉ ራሱን የሚያስችል ገንዘብ አላስገኘለትም፤ የሚረዳውም አባቱ ነበረ። ይህ ሁሉ ሳለ የሌላ ሰው ልጅ ማሳደግ ጀመረ። የእንጀራ ልጅን ልብ በትእዛዝ ማግኘት አይቻልም። ስቲቨንሰን የሎይድን ልብ ያገኘው በጨዋታ ነው።

ሐኪሞች የተራራ አየር ይሻለዋል ስላሉት ሁለት ክረምት፣ ማለትም የ1880 እና የ1881 ክረምት፣ ዳቮስ በምትባለው የስዊስ ከተማ ከረሙ። እዚያም ከጣራ ሥር ባለ ቆጥ ላይ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ሊቆምበት በማይችል ዝቅተኛ ስፍራ፣ ወለሉን በልዩ ልዩ ቀለም ጠመኔ እየሣሉ ተራራ፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ከተማና መንገድ አደረጉበት። በዚህ ካርታ ላይ የእርሳስ ወታደሮቻቸውን አሰልፈው ሳምንታት የሚወስድ ጦርነት ይዋጉ ነበር። ጨዋታው እንዲያው የሕፃን ማቆለፍ አልነበረም፤ ሠራዊቱ በቀን የሚጓዘው መንገድ የተለካ ነው፣ ጥይቱ ያልቃል፣ የአየሩ ጠባይም ጒዞውን ያሰናክላል። ስቲቨንሰንም ስለዚሁ ጦርነት ወሬ የሚያወጡ የውሸት ጋዜጦች ፈጠረና በጄኔራሎቹ ላይ እያፌዘ የጦር ሜዳ ወሬ ይጽፍባቸው ነበር። ሎይድም ትንሽ የማተሚያ መኪና ስለ ነበረችው ሁለቱ ሆነው በ1882 በራሱ በስቲቨንሰን የእንጨት ቅርጽ ያጌጡ ትንንሽ መጻሕፍት አተሙባት። የዚህን የጦር ጨዋታ ታሪክ ሎይድ ካደገ በኋላ በ1898 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ አሳትሞታል።

የስቲቨንሰንን ስም በዓለም ያስጠራው ሥራ ግን የተጀመረው በሁለቱ ክረምቶች መካከል፣ በ1881 በጋ፣ ብሬማር በምትባል የስኮትላንድ መንደር ነው። ዝናቡና ብርዱ ከቤት አላስወጣ ብሏቸው ነበር። ሎይድ በውሃ ቀለም ሥዕል እየሣለ ይውል ነበርና ስቲቨንሰንም አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ቀን የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ፤ ወደቦችዋን፣ ኰረብቶችዋንና ሀብት የተቀበረባቸውን ቦታዎች እየሰየመ ምልክት አደረገባቸው። ይህ ስቲቨንሰን የተወው ታሪክ ነው። ሎይድ ግን ካርታውን መጀመሪያ መሣል የጀመረው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ጽፏል። ለእኛ ከሁለቱ የማንኛው እውነት እንደ ሆነ መፍረድ አያስፈልገንም፤ ጨዋታው የሁለቱም እንደ ነበረ ማወቁ ይበቃናል።

ካርታውን ሲመለከት በደሴቲቱ ጫካ ውስጥ የሚሸምቁ ሰዎች መልክ ይታየው ጀመር። ብዙም ሳይቈይ ታሪኩን መጻፍ ያዘ። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ እየጻፈ ከምሳ በኋላ ለቤተ ሰቡ ያነብ ነበር። ሎይድ በታሪኩ ውስጥ ሴት እንዳትገባ ለምኖት ስለ ነበረ ልመናውን ተቀበለ። ይልቁንም የሚያስደንቀው አባቱ ቶማስ ያደረገው ነው። ያ ልጁ መሐንዲስ ስላልሆነ አዝኖ የነበረው ሽማግሌ ታሪኩን እንደ ሕፃን ጓጉቶ ያዳምጥ ጀመር። የሽማግሌው መርከበኛ የቢሊ ቦንስ ሣጥን በሚከፈትበት ጊዜ በውስጡ ምን ምን እንደሚገኝ ዝርዝሩን በፖስታ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ለልጁ ሰጠው፤ ልጁም ዝርዝሩን እንዳለ በታሪኩ ውስጥ አገባው። የባሕር ወንበዴው የፍሊንት መርከብ ዋልረስ ተብላ የተሰየመችውም በአባቱ ጥያቄ ነው። አባትየው ለራሱ ብቻ ሲፈጥራቸው ከኖሩት ካልተፈጸሙት ታሪኮች አንዱ በልጁ እጅ ሊፈጸም ነው ማለት ነበር። ሙያ ያለያያቸውን አባትና ልጅ ይህ ጨዋታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አቀራረባቸው።

በዚሁ ሰሞን ዶክተር አሌክሳንደር ጃፕ የሚባል እንግዳ መጥቶ ታሪኩን ሰማና ያንግ ፎክስ ለሚባለው የልጆች ጋዜጣ አዘጋጅ ወሰደለት። ታሪኩም ሳያልቅ እንዲታተም ተስማሙ። መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ15 ቀን ውስጥ 15 ምዕራፍ ከጻፈ በኋላ በ16ኛው መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ጠፋበት፤ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣው አለ። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ግን ለኅትመት ደርሰው እየታረሙ ነበር። ገንዘብ የለም፤ ጤና የለም፤ አንባቢው ሊጠብቅ ነው። ያለ ዝግጅት ታሪክን የሚመራ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰዓት ይህ ነው።

ስቲቨንሰን አልጨነገፈም፤ ግን አልተጣደፈምም። ብዕሩን አስቀምጦ የሌላ ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ሰነበተ። ወደ ዳቮስ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ጧት ተቀምጦ ሲሞክረው ታሪኩ እንደ ገና እንደ ውሃ ይፈስለት ጀመር፤ በቀን አንድ ምዕራፍ እየጻፈም ፈጸመው። ዛሬም መጽሐፉን የሚያነብ ሰው 16ኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ተራኪው መለወጡን ያያል፤ እስከዚያ ድረስ ይናገር የነበረው ልጁ ጂም ዝም ብሎ ሐኪሙ ሊቭሲ ታሪኩን ይቀበለዋል። መንገዱ በአንዱ ዓይን አልታይ ሲል በሌላው ዓይን መመልከት እንደሚበጅ ከዚህ እንማራለን።

ታሪኩ በጋዜጣው ላይ ከኦክቶበር 1881 እስከ ጃንዋሪ 1882 ካፕቴን ጆርጅ ኖርዝ በሚል የብዕር ስም ወጣ። ያን ጊዜ እምብዛም አልተወራለትም። በ1883 የሀብት ደሴት በሚለው ስሙ በመጽሐፍ መልክ ሲታተም ግን ሕፃንና ሽማግሌ የሚሻሙበት ሆነ፤ ደራሲውም ለመጽሐፉ 100 ፓውንድ አገኘ። በዚህ ጊዜ ሌላ ችግር ደረሰ፤ ወደ አታሚው የተላከው የመጀመሪያው ካርታ ጠፋ። ስቲቨንሰንም ስለ ደሴቲቱ የጻፈውን ሁሉ ከመጽሐፉ እየለቀመ፣ ርቀቱንና አቅጣጫውን እየለካ፣ በአባቱ ቢሮ ውስጥ ካርታውን እንደ ገና አሠራው። የካፕቴን ፍሊንትንም ፊርማ አስመስሎ የፈረመው ራሱ ሽማግሌው ቶማስ ነው። ታሪክ የሚነግር ሰው አገሩን እንደ እጁ መዳፍ ማወቅ እንዳለበት፣ ፀሐይ የምትወጣበትና ጨረቃ የምትታይበት ቦታ እንኳ ሊሳሳትበት እንደማይገባ ስቲቨንሰን ከዚህ ሥራ በኋላ አጥብቆ ያምን ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1886 ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ የተባለው ታሪኩ ታትሞ ዝናው ከፍ አለ፤ የታሪኩም አንዳንድ ክፍል በሕልም የመጣለት ነበር። በ1887 አባቱ ሲሞት ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1888 ካስኮ በምትባል መርከብ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች ተጓዘ። በመጨረሻም በሳሞአ፣ ኡፖሉ በምትባለው ደሴት፣ ቫይሊማ ላይ ከ300 ኤከር የሚበልጥ መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ። የአገሩ ሰዎች ቱሲታላ፣ ማለትም ታሪክ ጸሐፊ፣ ብለው ሰየሙት። ስለ አንድ ጋኔን ያለበት ጠርሙስ የጻፈው ታሪክ በ1891 በሳሞአ ቋንቋ ሲታተም ብዙ ሰዎች እውነት መስሏቸው ወደ ቤቱ ሲመጡ ጠርሙሱን እንዲያሳያቸው ይጠይቁት ነበር።

በሳሞአ የኖረው ግን ታሪክ በመንገር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ፣ ጀርመንና አሜሪካ በደሴቶቹ ላይ ሲሻሙ በአገሩ ሰዎች ላይ የደረሰውን በደል በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። በ1893 ጦርነት ተሸንፈው የታሰሩትን የማታኣፋን ወገን አለቆች በወህኒ ቤት እየጠየቀ ምግብ ያመጣላቸው ነበር። በ1894 ሲፈቱ ውለታውን ለመመለስ በገዛ እጃቸው ወደ ቤቱ የሚያደርስ መንገድ ሠሩለት።

ሎይድም አድጎ ደራሲ ሆኗል። ከእንጀራ አባቱ ጋር ሦስት መጻሕፍት በአንድነት ጽፈው ከ1889 እስከ 1894 ባሉት ዓመታት አሳትመዋል። በጠመኔ ካርታ ላይ ጄኔራል የነበረው ልጅ የሥራ ባልደረባ ሆነ።

ስቲቨንሰን ዲሴምበር 3 ቀን 1894 ጧት የመጨረሻ መጽሐፉን ሲያጽፍ ውሎ ማታ ከሚስቱ ጋር እራት በማዘጋጀት ላይ ሳለ በአንጐሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ወደቀ፤ በዚያው ሌሊትም በ44 ዓመቱ ሞተ። የሳሞአ ሰዎች ጫካውን መንጥረው እስከ ቫኤአ ተራራ ራስ ድረስ መንገድ አወጡና አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው እዚያ ቀበሩት። በእጁ የነበረው ታሪክ ሳይፈጸም ቀረ።

ዛሬ በኢንተርኔት የምናብ ጨዋታ የሚመሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት ሌሎችን የመምራት ዕድል የገጠማቸው ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት የሚወስዱት ትምህርት አለ። ስቲቨንሰን ታሪኩ በምን እንደሚያልቅ ሳይሆን ታሪኩ የሚሆንበትን አገር አስቀድሞ አዘጋጀ። የሕፃኑን ልመናና የሽማግሌውን ዝርዝር ሳይንቅ ተቀበለ። መንገዱ ሲጠፋው አላፈረም፤ ዐርፎ በሌላ በኩል ተመለሰ። መሪነት ብቻውን የሚናገር ሰው ሥራ የሚመስላቸው ወጣቶች ካሉ፣ ያቺ ደሴት በሦስት ትውልድ እጅ መሠራትዋን እንዲያስቡ እንመክራለን።