ከዓባይ ማዶ የመጡት የጎጃም ትውልድ ጸሐፊ፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ

ፎቶግራፍ ወደ ጎጃም ገጠር ከመዝለቁ በፊት ያለፈውን ዘመን ለልጅ ልጅ የሚያቆዩ ሁለት መዝገቦች ነበሩ፤ አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣለው ሥዕል፣ ሁለተኛው በሽማግሌ አንደበት የሚቆጠረው የዘር ሐረግ ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በሁለቱም ሙያ የታወቁ፣ ሠዓሊም የትውልድ ጸሐፊም ነበሩ። ይሁን እንጂ ሐረጉን በጽሑፍ ላሰፈሩለት ሕዝብ በትውልዳቸው ባዳ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ዋና ዋና ምዕራፎች በመከተል ይህ ባዳነት ለሥራቸው ያለውን ትርጉም ይመረምራል።

አለቃ ተክለ ኢየሱስ የተወለዱት ከዓባይ በስተ ደቡብ በሆሮ ጉድሩ ምድር፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ነገሮ ይባል ነበር። የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል ተሰማ ወንዙን አሻግረው ያዘምቱት የነበረው ጦር ገና በልጅነታቸው ማርኮ ወደ ጎጃም አመጣቸው። በዚያም ክርስትና ተነሥተው በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር አደጉ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ተጭኖላቸው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በ1874 ዓ.ም. ግን በዚያው በሆሮ ጉድሩ፣ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ገጥመው ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። ከዚያ ወዲህ የዓባይ ማዶ አገር ለጎጃም ቤተ መንግሥት ከእጅ ያመለጠ ግዛት ሆነ፤ ለተክለ ኢየሱስ ግን የትውልድ ቀዬያቸው ነበር።

ያደጉበት ዘመን የሰላም ዘመን አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሣር ውኃ ላይ በደርቡሾች ተሸነፈ፤ ጎንደርም ተዘረፈች። ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሡን በማመፅ ጠርጥረው ጎጃምን በጦር አጠፉት። በዚያው ሰሞን ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ከብቱንም ሰውንም ፈጀ። ያን ጊዜ የሞተውና የተሰደደው ሰው ብቻ አይደለም፤ አባት ቆጣሪው ሽማግሌ ሲሞትና ቀዬው ሲፈታ የሚቆጠረው ሐረግም አብሮ ይጠፋል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው በሥዕልና በጽሑፍ ሲሠማሩ፣ መንቆረር ይባል የነበረው የንጉሡ ከተማ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ መባል ጀምሮ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ንጉሡ ሲያርፉ የጎጃም ቤተ መንግሥት ክብር ለሸዋ የበላይነት ቦታ እየለቀቀ ሄደ። አለቃው ከዚያ በኋላም የንጉሡን ልጅ የራስ ኃይሉን ዘመን አሳልፈው፣ ጣሊያን አገሪቱን እስከ ወረረበት ጊዜ ገደማ ኖረዋል።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ የሚባለው ነው። የርእሱ ፍቺ በመልክዐ ምድሩ ላይ ይነበባል። በሰከላ ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ምንጭ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ፣ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ጎጃምን ይከባል። ቡሬና ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ሁሉ በዚህ ቀለበት ውስጥ ያለ ነው። የጸሐፊው አገር ሆሮ ጉድሩ ግን ከቀለበቱ ውጪ፣ ከወንዙ ማዶ ነው።

የዘር ሐረግ መጻፍ በጎጃም የመኳንንት ጌጥ ብቻ አልነበረም። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን ቀድሞ ከያዘው ዋና አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። ሐረጉ በአባትም በእናትም ሊቆጠር ስለሚችል አንድ ገበሬ በብዙ አያቶች በኩል ከልዩ ልዩ ቦታ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ትውልድ መቁጠር የእርሻ ማሳን ያህል ዋጋ ነበረው፤ አንድ አያት መርሳት መሬት ማጣት፣ አንድ አያት መጨመር ደግሞ በሌላው ድርሻ መግባት ነው።

ተመራማሪው ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ለሙግት የሚቆጠር ሐረግ እንደ ተሟጋቹ ፍላጎት ሊረዝምና ሊያጥር ይችላል። በቤተ መንግሥት ጥላ ያደገ ጸሐፊም የጌቶቹን ቤት ክብር የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። በአንጻሩ አለቃ ተክለ ኢየሱስ በጎጃም ምድር የአያት ርስት የማይቆጠርላቸው ሰው ነበሩ። ይህ ከአድልዎ ሁሉ ነጻ አያደርጋቸውም፤ ዳሩ ግን ከማናቸውም ባለርስት ይልቅ የሁሉንም ወገን ሐረግ በአንድ ጥራዝ ለማሰባሰብ የሚያመች ቦታ ላይ አስቀምጧቸዋል። ከእርሳቸው በፊት በነበሩት ዘመናት ዓባይን ተሻግረው በጎጃም የሰፈሩ የኦሮሞ ወገኖች ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋልደው የአገሩ ሰው ሆነዋል። ስለዚህ የእርሳቸው መንገድ በግዳጅ የተጀመረ ቢሆንም፣ ወንዙን መሻገር ለጎጃም ታሪክ እንግዳ ነገር አልነበረም።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሲሽር የዘር ሐረግ ከመሬት ጋር የነበረው ቁርኝት ተቋረጠ። ትውልድ መቁጠር ለጋብቻ ዝምድናን ለመለየትና ለትዝታ ቀረ። ከዚህ በኋላ የአለቃው ሥራ ከባለርስት ይልቅ የታሪክ ተመራማሪው መሣሪያ ሆነ። በእጅ ጽሑፍ ቅጂ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ከቆየ በኋላ በግርማ ጌታሁን አሰናጅነት በ2003 ዓ.ም. ታትሟል። የአካባቢውን ትዝታ ከቤተሰብ ፎቶግራፎችና ከአረጋውያን ቃል ለማሰባሰብ የሚነሣ ተመራማሪ ከዚህ ሥራ የሚማረው፣ ማንኛውንም ሥዕልና ሐረግ ሲያይ ማን እንዳቆየው፣ ለምንስ ጥቅም እንዳቆየው አስቀድሞ መጠየቅን ነው። የሐረጉን ሰብሳቢ ማንነት የሚጠይቅ አንባቢ ደግሞ መልሱን ከጸሐፊው ስም ይጀምራል፤ ከዓባይ እስከ ዓባይ ያለውን የጎጃም ትውልድ የያዘው መጽሐፍ፣ ከዓባይ ማዶ የቀሩትን አባት የዋቅጅራን ስም ተሸክሞ ይኖራል።