የብራያን ኤፕስታይን አጭር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤት የበዓል መጽሔት ላይ የነገሥታት፥ የጦር መሪዎችና የሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ሲቀርብ ኖሯል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የመረጥነው ሰው ግን ንጉሥም ሊቅም አይደለም፤ በዐሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት የተባረረ የአንድ ነጋዴ ልጅ ነው። ዜማ አልደረሰም፥ ጊታርም አልመታም። ነገር ግን ቢትልስ የተባሉት አራቱ የእንግሊዝ ዘፋኞች ከአንድ ምድር ቤት ወጥተው ዓለም ያወቃቸው በእርሱ ድካም ስለ ሆነ፥ የእነርሱን ታሪክ ያለ እርሱ ለመናገር አይቻልም። ስሙ ብራያን ኤፕስታይን ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤፕስታይን ሴፕቴምበር 19 ቀን 1934 በሊቨርፑል ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አያቱ ያቋቋሙት የቤት ዕቃ መደብር ስለ ነበረ ቤቱ የተደላደለ ነበር፤ ልጁ ግን በየትም አልተደላደለም። በ1944 ሊቨርፑል ኮሌጅ ትምህርቱን በትጋት አይከታተልም፥ ከደረጃውም በታች ነው ብሎ አስወጣው። ከዚያ ወዲያ ወላጆቹ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩት ኖሩ፤ የመጨረሻው ሬኪን ኮሌጅ ነበር። በዚያ ሳለ ሥዕል ስለ ወደደ፥ የሴቶች ልብስ ንድፍ አውጪ ለመሆን መፈለጉን ለአባቱ በደብዳቤ ገለጠ። አባቱ አልፈቀዱለትም። በ1950 ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ትምህርቱን ትቶ በአባቱ መደብር ወንበርና ጠረጴዛ ይሸጥ ጀመር።

እኛ ይህን ስናነብ ጥቂት ደንገጥ ብለናል። ፈተናው እየቀረበ ሲሄድ የወደቀ ተማሪ መጨረሻው ምን ይሆን እያልን ማታ ማታ የምንጨነቅ ነንና፥ ከደጅ የተባረረውን ልጅ ታሪክ እስከ መጨረሻው ሳንጨርስ መጽሐፉን ለመዝጋት አልቻልንም።

በ1952 ለውትድርና ተጠራ፤ የተወሰነለትን ሁለት ዓመት ሳይፈጽም በጤና ምክንያት ተሰናበተ። በ1956 ተዋናይ ለመሆን ለንደን ከሚገኘው ንጉሣዊ የድራማ አካዳሚ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይህንንም ትቶ ወደ ሊቨርፑል ተመለሰ። አባቱ በዚህ ጊዜ የሸክላ መሸጫውን ክፍል ሰጡት። እነሆ፥ በምንም ያልጸናው ሰው በዚህ ጸና። ደንበኛ የጠየቀው ሸክላ በመደብሩ ባይገኝ ከየትም ተፈልጎ እንዲመጣለት ደንብ አደረገ። ጥቂት ዓመት ሳያልፍ መደብሩ በሰሜን እንግሊዝ ከታወቁት የሸክላ ቤቶች አንዱ ሆነ።

ራሱ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ በኦክቶበር 1961 አንድ ወጣት ደንበኛ መጥቶ ቢትልስ የተባሉ ልጆች በጀርመን አገር ያስቀረጹትን ሸክላ ጠየቀው። ሲያጠያይቅ ልጆቹ የሊቨርፑል ተወላጆች ሆነው ተገኙ፤ የሚጫወቱትም ከመደብሩ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ስፍራ፥ ከአንድ የፍራፍሬ መጋዘን በታች ባለው ካቨርን በሚባል ምድር ቤት ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን በምሳ ሰዓት ኤፕስታይን ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ ከረዳቱ ጋራ ደረጃውን ወርዶ ገባ። ቤቱ ጨለማ ነው፥ ታፍኗል፥ ግድግዳው ወዝ ያንጠባጥባል። በመድረኩ ላይ ጆን ሌነን፥ ፖል ማካርትኒ፥ ጆርጅ ሃሪሰንና ከበሮ መቺው ፒት ቤስት የቆዳ ልብስ ለብሰው ይጫወታሉ፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያጨሳሉ፥ ይበላሉ፥ ከሰሚው ጋራ ይቃለዳሉ፥ ሲፈልጉም ለሕዝቡ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ሥርዓት ወዳዱ ነጋዴ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሌላው ያላየውን ነገር አየ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ወኪላቸው ልሁን ብሎ ጠየቃቸው።

በጃንዋሪ 1962 ውል ተጻፈ። አራቱም ልጆች ፈረሙ፤ ኤፕስታይን ግን አልፈረመም። ኋላ ሲጠየቅ፥ በእርሱ ሥራ ካልረኩ በነጻ ይሂዱ ብሎ እንዳደረገው አስረድቷል። በሕግ ረገድ ውሉ እርሱን በምንም አያስገድደውም ነበር፤ ነገር ግን በማንም ያልተገደደው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። የቆዳውን ልብስ አስወልቆ አንድ ዐይነት ሙሉ ልብስ አለበሳቸው፤ በመድረክ ላይ መብላትንና መሳደብን ከለከለ፤ ከየዘፈኑ በኋላ ለሕዝቡ እጅ እንዲነሡ አስተማራቸው። ሌነን በዚህ ብዙም ደስ አላለውም። እኛም የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ለባሾች ስለ ሆንን እናዝንለታለን።

ከሁሉ የከበደው ሸክላቸውን የሚያትም ኩባንያ ማግኘት ነበር። ልጆቹ በ1962 የአዲስ ዓመት ዕለት ለንደን ውስጥ ዴካ በተባለው ኩባንያ ፊት ዐሥራ አምስት ዘፈን ተጫውተው ተፈተኑ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ እንቢታ ነበር፤ ኩባንያው በእነርሱ ፈንታ ለለንደን ቅርብ የሆነ ሌላ ቡድን መረጠ። ኤፕስታይን በቴፕ የተቀዳውን ድምፅ ይዞ በባቡር ወደ ለንደን እየተመላለሰ የሌሎችን ኩባንያዎች ደጅ ጠና፤ በየበሩም አሳፍረው መለሱት። ሊቨርፑል ሲመለስ አራቱ ምን አመጣህልን እያሉ ይጠይቁታል፤ እርሱም ባዶ እጁን ነው። በመጨረሻ ቴፑን በሸክላ ለማስቀረጽ በኦክስፎርድ ጎዳና ወዳለ አንድ መደብር ቢገባ፥ በዚያ ያለው ሠራተኛ ድምፁን ወደደው፤ ከዚያም ከአንዱ ወደ አንዱ ተላልፎ፥ ቀልድ ነክ ሸክላዎች በማተም ይታወቅ ከነበረው ከፓርሎፎን ኀላፊ ከጆርጅ ማርቲን ደረሰ። በሜይ 1962 ማርቲን እሺ ባለ ጊዜ ኤፕስታይን ሀምቡርግ ለነበሩት ልጆች ቴሌግራም ላከ። የተሰጣቸው ዋጋ ግን በአንድ ሸክላ አንድ ፔኒ ብቻ ነበር።

በኦገስት 16 ቀን ደግሞ የመረረ ሥራ ገጠመው። ሦስቱ ፒት ቤስት እንዲለወጥ ስለ ፈለጉ፥ ይህን ለልጁ የመንገር ፋንታ በኤፕስታይን ላይ ወደቀ። በእርሱ ስፍራ ሪንጎ ስታር ገባ። ሦስቱ ጓደኞቹ ራሳቸው አልነገሩትም፤ እኛ ይህን አላመሰገንነውም።

ከዚህ በኋላ ያለው እንደ ጎርፍ የፈሰሰ ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ወጥቶ በእንግሊዝ እስከ 17ኛ ደረጃ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 ለመጀመሪያው ትልቅ ሸክላቸው ዐሥር ዘፈን በአንድ ቀን ቀረጹ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤፕስታይን ኒው ዮርክ ሄዶ ከቴሌቪዥኑ ሰው ከኤድ ሱሊቫን ጋራ ሲነጋገር፥ ለሦስት ዝግጅት 10,000 ዶላር ብቻ ተቀብሎ በዋጋው ፈንታ ልጆቹ ከሁሉ በላይ ስማቸው እንዲጠራ ተስማማ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ምሽት 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። በኤፕሪል በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ ዝርዝር ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉትን ስፍራዎች ሁሉ ያዙ። በኦገስት 15 ቀን 1965 በኒው ዮርክ ሺ ስታዲየም 55,600 ሰው ፊት ተጫወቱ፤ ጩኸቱ ከመብዛቱ የተነሣ ዘፋኞቹ የራሳቸውን ድምፅ መስማት ተቸገሩ።

ኤፕስታይን ጉድለት አልነበረበትም አንልም። የቢትልስ ስምና ሥዕል ያለባቸው አሻንጉሊቶች፥ ሰው ሠራሽ ጠጕሮችና ሌሎች ዕቃዎች በአሜሪካ እንዲሸጡ ሲፈቀድ፥ ከገቢው 90 በመቶ ለሻጮቹ ወኪል ሆኖ ለልጆቹ ወገን የቀረው 10 በመቶ ነበር። በዚህ ስሕተት ብዙ ገንዘብ አምልጧቸዋል። የግል ኑሮውም ከባድ ነበር። ወንድ የሚወድ ሰው ነበርና፥ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ይህን በእስራት ይቀጣ ስለ ነበረ ዕድሜውን በስጋት አሳለፈ። ሕጉ የተሻሻለው በጁላይ 1967፥ እርሱ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ነው።

በ1966 ሌነን ቡድናቸው ከኢየሱስ ይልቅ ዝና እንዳገኘ በመናገሩ በአሜሪካ ቍጣ ተነሣ፤ ሸክላዎቻቸውም በእሳት ተቃጠሉ። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ነንና ንግግሩን አንወደውም። ኤፕስታይን ግን ሕመም ላይ ሳለ ወደ ኒው ዮርክ በርሮ በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ስለ ልጁ ተናገረ። በኦገስት 29 ቀን 1966 ቢትልስ በሳን ፍራንሲስኮ የመጨረሻውን የገቢ ኮንሰርት አደረጉ። ከእንግዲህ በስቱዲዮ ብቻ ለመሥራት ቈረጡ፤ ጕዞ የሚያሰናዳላቸው ሰውም ሥራው ጐደለበት። የ1962ቱ ሁለተኛ ውል በ1967 መከር ያልቅ ነበር፤ አይታደስ ይሆን የሚል ፍርሃት ያስጨንቀው ነበር ይባላል። በጁላይ አባቱ ሞቱ። በኦገስት 27 ቀን 1967 በለንደን ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 32 ነበር። ምክንያቱ የእንቅልፍ መድኃኒት መብዛት ሲሆን፥ ጉዳዩን የመረመረው ሹም ሳያስበው የደረሰ አደጋ ነው ሲል ፈረደ። አራቱ በዚያ ቀን በዌልስ ነበሩ። ሕዝብ ተከትሎ ሥርዓቱን እንዳያውክ ብለው ከቀብሩ ቀሩ፤ በኦክቶበር ለንደን በአንድ ምኩራብ በተደረገው የመታሰቢያ ጸሎት ላይ ግን አራቱም ተገኙ።

ከእርሱ በኋላ ወኪላችን ማን ይሁን በሚለው ነገር አራቱ ተከፋፈሉ፤ በኤፕሪል 1970 ማካርትኒ መለየቱን ገለጠ፤ ነገሩም በፍርድ ቤት አለቀ። የኤፕስታይን የነሐስ ሐውልት በኦገስት 27 ቀን 2022፥ በሞተ በ55 ዓመቱ፥ የሸክላ መደብሩ በነበረበት ስፍራ አጠገብ በሊቨርፑል ጎዳና ላይ ተተክሏል። ከዚያ እስከ ካቨርን ጥቂት ደቂቃ በእግር ያስኬዳል።