ላሰሯቸው የመንግሥት ሠራተኞች ጥብቅና የቆሙት የገበሬ ልጅ

ቫላብሃይ ፓቴል እ.አ.አ በ1875 በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በእንግሊዝ ሀገር ሕግ ተምረው በአሕመዳባድ ከተማ ስመ ጥር ጠበቃ ኾኑ። የማሕተመ ጋንዲን ትግል ሲቀላቀሉ ግን የሞቀ ሥራቸውን ትተው ወደ ገበሬው መንደር ወረዱ።

የቅኝ ገዥው መንግሥት በባርዶሊ ወረዳ የመሬት ግብር ላይ 22 በመቶ ጨመረ። ፓቴል እ.አ.አ በ1928 ገበሬዎቹን አስተባብረው ግብር እንዳይከፍሉ አደረጉ። ሰብሳቢዎቹ ከብቱን ሳይቀር እየነዱ ወሰዱ፤ ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተመደቡ ሁለት እንግሊዛውያን የመንግሥት ሠራተኞች እውነቱ ከገበሬው ጋር መኾኑን አረጋገጡ፤ ጭማሪውም ወደ 6 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ሕዝቡም ፓቴልን ሰርዳር፣ ማለትም መሪ፣ ብሎ ጠራቸው።

ሕንድ እ.አ.አ በ1947 ነጻ ስትወጣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ኾኑ። ከ500 በላይ የመሳፍንት ግዛቶችን የማዋሐዱ ሸክም በትከሻቸው ላይ ወደቀ። በእጃቸው የነበሩት ሠራተኞች ግን ትናንት ቅኝ ገዥውን ያገለገሉ፣ እርሳቸውን ጨምሮ ታጋዮችን ወደ ወኅኒ ያወረዱ ነበሩ።

እ.አ.አ በ1949 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ የእነዚህ ሠራተኞች ዋስትና ብርቱ ክርክር አስነሳ። ተቃዋሚዎች ሕዝብ ያልመረጠው ሠራተኛ ከሕዝብ ተወካይ በላይ እንዳይኾን ሰጉ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ማንም የማይጠይቀው ሠራተኛ ለገበሬው ሌላ ጌታ ነውና። ፓቴል ግን ሚኒስትሩን ፈርቶ እውነቱን የሚደብቅ ሠራተኛ ለሀገር እንደማይበጅ ተከራከሩ። ሠራተኛው ሐሳቡን ያለፍርሃት ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ተመራጩ ነው። ከተወሰነ በኋላ ሠራተኛው በታማኝነት ይፈጽማል፤ ስለ ውጤቱ በሕዝብ ፊት የሚጠየቀው ተመራጩ ነው።

ሕገ መንግሥቱም የመንግሥት ሠራተኛ ጥፋቱ ሳይነገረውና ራሱን የመከላከል ዕድል ሳያገኝ እንዳይባረር ደነገገ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ከስንብት አይድንም።

ፓቴል እ.አ.አ ታኅሣሥ 15 ቀን 1950 ዐረፉ። በ1947 ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ንግግር ያደረጉበት ሚያዝያ 21 ቀን ዛሬ በሕንድ የሲቪል ሰርቪስ ቀን ኾኖ ይከበራል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ ዋስትናው ሠራተኛውን ከዘፈቀደ ስንብት ቢጠብቀውም፣ ፖለቲከኞች እውነት የተናገረውን ሠራተኛ በዝውውር ሲቀጡት ይታያል።