ወፍጮ ላይ የተሸነፈ ጠላት፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እና መዝሙረ ዳዊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በመንሱራና በዙሪያው የምትኖሩ ምእመናን፣

ብዙዎቻችሁ ከሥራ ስትመለሱ በየክፍላችሁ ዳዊት ትደግማላችሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ደመወዝ የከለከለን አሠሪ ወይም ስም ያጠፋ ጓደኛን እያሰቡ በግእዙ ቁጥር መዝሙር 108ን የሚደግሙ አሉ። ዳዊት ሲዋጋ ጠላቱ ማን ነበር? ከአንድ አባታችን ሕይወት እንማር።

አባ ጊዮርጊስ በ1357 ዓ.ም. በወሎ ምድር ተወለዱ። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ካህን ነበሩ። ልጃቸውን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላኩት። ትምህርቱ ግን አልገባ አላቸው። ጓደኞቻቸው ሲያልፏቸው እርሳቸው ለገዳሙ እህል ሲፈጩ 7 ዓመት ቆዩ። ለሌላው እንጀራ እየደከሙ የራስ ተስፋ ሲርቅ ማየት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰይጣን እንዲህ ባለው ሰዓት መጀመሪያ የሚወረውረው ፍላጻ ተስፋ መቁረጥ ነው። እርሳቸው ግን ከወፍጮው አልሸሹም፤ ከጸሎትም አልተለዩም። እመቤታችን ተገልጣ ልቡናቸውን እንዳበራችላቸው ገድላቸው ይናገራል።

ከዚያ በኋላ አርጋኖንን፣ ሰዓታትን፣ ሌሎችንም ብዙ መጻሕፍት ደረሱ። በሰዓታቱ የዳዊት መዝሙር ከምስጋናው ጋር ተሰናስሎ ሌሊቱን ይቆማል። ክብር ሲመጣ ግን ምቀኝነትም መጣ። በዐፄ ዳዊት ዘመን በሐሰት ተከስሰው ታሰሩ። ከእስር ወጥተውም ብዕራቸውን ለስድብ አላዋሉም። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጽመው የስሕተት ትምህርቶችን ተከራከሩ። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልበ አምላክ ዳዊትም መንገዱ ይኸው ነበር። ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ ውስጥ ገባለት። ዳዊት የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ተወው። ጎልያድን በድንጋይ ከመጣል ይልቅ በዚያች ዋሻ ቂምን መጣል ይከብድ ነበር። በኦርዮን ሚስት በወደቀ ጊዜም ጠላቱ የገዛ ምኞቱ ሆነ። ያን ጊዜ መሣሪያው ንስሓ ነበር፤ መዝሙር 50 ከዚያ ተወለደ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በመዝሙር ጠላት የሚለውን ስታነቡ አባቶች እንዳስተማሩን አጋንንትንና ክፉ ምኞትን አስቡ። መዝሙር 108ንም ሐዋርያት ስለ ይሁዳ የተነገረ ትንቢት አድርገው ተረጎሙት እንጂ ባልንጀራን መርገሚያ አላደረጉትም።

ይህ ማለት ግፍን ዝም በሉ ማለት አይደለም። ያልተከፈለ ደመወዝን መጠየቅ፣ ለኤምባሲ ወይም ለሥራ ጉዳይ ዳኞች ማመልከት መብታችሁ ነው። ልባችሁን ግን ለቂም አታስረክቡ። ንዴት ሲይዛችሁ አስቀድማችሁ መዝሙር 50ን ድገሙ። ከዚያ የበደላችሁን ሰው ስም ጠርታችሁ እግዚአብሔር ልቡናውን እንዲመልስለት ለምኑ። ስሙን ለመጥራት አፋችሁ እንቢ ካለ፣ ውጊያው እዚያ ላይ ነውና አትተዉት፤ በማግሥቱ ደግሞ ጀምሩ።

የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።